ስለ ቁስልና ስለ ቆዳ ጥገና፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

በደሴ በቀዶ ሕክምና ክፍል በነርስነት ለብዙ ዓመታት ቁስል ሳጥብና ስጠቀልል ኖሬአለሁ፤ አሁን ደግሞ ይህንኑ ለተማሪዎች አስተምራለሁ። ስለ ቁስል፣ ስለ ቃጠሎና ስለ አዳዲሶቹ የሕክምና ፈጠራዎች የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ከደሴ፣ ከኮምቦልቻና ከሐይቅ ብዙ ጥያቄ ደረሰኝ። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌ እመልሳለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ቁስሉን በዓይኔ ሳላይ ለማንም መድኃኒት አላዝም፤ በዚህ አትቀየሙኝ።

ጥያቄ፦ ከሰኞ ገበያ፣ የሦስት ልጆች እናት ነኝ። ልጄ ወድቆ ጉልበቱ ሲላጥ «ነፋስ ይንካው፣ ይድረቅ» ብዬ ክፍት እተወዋለሁ። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ግን ሸፈነችው። ማናችን ነን ልክ?

ነርሷ ናት፣ እህቴ። በ1962 ጆርጅ ዊንተር የተባለ እንግሊዛዊ ተመራማሪ በአሳማ ቆዳ ላይ ትንንሽ ቁስሎች አበጀ፤ ግማሾቹን ክፍት ተወ፣ ግማሾቹን በስስ ፕላስቲክ ሸፈነ። የተሸፈኑት በእጥፍ ገደማ ፈጥነው አዲስ ቆዳ አለበሱ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ አዲስ ቆዳ የሚሠሩት ህዋሳት ከቁስሉ ዳር ተነስተው ወደ መሃል የሚጓዙት እርጥበት ባለበት ነው። ቁስሉ ደርቆ ቅርፊት ሲይዝ ከቅርፊቱ ሥር መንገድ እየፈለፈሉ ማለፍ ይኖርባቸዋል። ዛሬ በውድ የሚሸጡት ጄሎች፣ ስፖንጆችና ተለጣፊ መሸፈኛዎች በአብዛኛው የተወለዱት ከዚህ ሙከራ ነው።

እርስዎ ቤት የሚያስፈልገው ግን ውድ ነገር አይደለም። በንጹሕ ውሃና በሳሙና ያጥቡት፣ ስስ ቫዝሊን ይቀቡት፣ በንጹሕ ጎዝ ይሸፍኑት፤ ሲርስ ወይም ሲቆሽሽ ይቀይሩት። ጎዙ ከተጣበቀ በውሃ አርጥበው እንጂ ደረቁን አይሳቡት፤ ትናንት የበቀለው ለምለም ሥጋ አብሮ ይነሳል። የልጁ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት መሟላቱንም ካርዱ ላይ ይዩ።

ጥያቄ፦ ከቧንቧ ውሃ። የቡና ዱቄት ደም ያቆማል ይባላል። እውነት ነው?

ደም የሚያቆመው እጅዎ ነው። ንጹሕ ጨርቅ አድርገው፣ እየከፈቱ ሳያዩ፣ 10 ደቂቃ አጥብቀው ይጫኑት። ቡናውን እኛ ሐኪም ቤት በመከራ ነው ከቁስሉ ውስጥ የምንለቅመው፤ አብሮት የሚገባው ጀርምም ቁስሉን ያመረቅዘዋል። ወታደሮች የሚይዙት ደም ማቆሚያ ጎዝ አለ፤ አንዳንዱ ካኦሊን የተባለ ነጭ የሸክላ አፈር፣ አንዳንዱ ከሽሪምፕ ቅርፊት የሚወጣ ካይቶሳን ያለበት ነው። ካኦሊኑ የደም መርጋትን ሂደት ያፋጥናል። ልዩነቱ ያ አፈር ከጀርም ነጻ ተደርጎና ተፈትኖ የመጣ መሆኑ ነው።

ጥያቄ፦ ከኮምቦልቻ። ለቃጠሎ የጥርስ ሳሙና ወይስ እንቁላል?

ሁለቱም አይሆኑም። ቀዝቃዛ የሚወርድ ውሃ፣ 20 ደቂቃ ሙሉ። ከተቃጠለ እስከ 3 ሰዓት ድረስ ውሃው ይጠቅማል፤ በረዶ ግን አይደረግበትም። ፊት፣ እጅ፣ ብልት ወይም መገጣጠሚያ ከተቃጠለ፣ ወይም የተቃጠለው ሕፃን ከሆነ፣ ሌላው ሰውነቱ እንዳይበርደው ሸፍናችሁ ወደ ሆስፒታል ውሰዱት።

ጥያቄ፦ ከተሁለደሬ፣ ንብ አናቢ ነኝ። ማር ቁስል ያድናል የሚባለው ሳይንስ አለው?

አለው፣ ወንድሜ። ማር ከቁስሉ ፈሳሽ ይስባል፣ አሲድነት አለው፣ ንቦቹ የሚጨምሩበት ኢንዛይም ደግሞ ጥቂት በጥቂት ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ያመነጫል። ሦስቱም ለባክቴሪያ አይመቹም። የጥንት ግብፃውያን ሐኪሞች ማርን ለቁስል ያዝዙ እንደነበር ጽፈው ትተዋል። ጥልቀት በሌለው ቃጠሎ ላይ ማር ከተለመዱት መሸፈኛዎች በቀናት ቀድሞ እንደሚያሽር የተደረጉ ጥናቶች አሳይተዋል።

ነገር ግን የሕክምና ማር በጋማ ጨረር የጸዳ ነው። ማር ውስጥ ቦቱሊዝም የተባለውን ከባድ መመረዝ የሚያመጣ ባክቴሪያ ዘር ሊኖር ይችላል፤ በእሳት እናጽዳው ብንል ኢንዛይሙ ይጠፋል፤ ስለዚህ ነው ጨረር የተመረጠው። ከገበያ የተገዛ፣ ስኳር የተቀላቀለበት ይሁን አይሁን የማይታወቅ ማር ጥልቅ ቁስል ውስጥ አይጨመርም። የእርስዎ ማር ንጹሕ መሆኑን አልጠራጠርም፤ ንጹሕ ማርና ከጀርም ነጻ የተደረገ ማር ግን ይለያያሉ።

ጥያቄ፦ ከሐይቅ፣ ዓሣ አስጋሪ ነኝ። ብራዚል ውስጥ በዓሣ ቆዳ ቃጠሎ ያክማሉ ሲባል ሰማሁ። ያ ዓሣ የእኛ ቆሮሶ ነው?

አዎን፣ ራሱ ቆሮሶ ነው! ይህን ጥያቄ ስላመጡልኝ በጣም ደስ ብሎኛል። ፎርታሌዛ በተባለች ከተማ ዶክተር ኤድማር ማሲየልና የሴአራ ፌዴራል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ናቸው የሠሩት። መነሻቸው ችግር ነበር። በሀብታም አገሮች ቃጠሎ በሰው ወይም በአሳማ ቆዳ ለጊዜው ይሸፈናል፤ ብራዚል ውስጥ ግን የቆዳ ባንኮች ከሚፈለገው ጋር አይመጣጠኑም፤ ስለዚህ ሕመምተኛው በቅባትና በጎዝ ይታከማል፤ ጎዙ በተቀየረ ቁጥር ይጮኻል። የቆሮሶ ቆዳ ደግሞ ከዓሣ እርባታው የሚጣል ነበር።

ቆዳው ኮላጅን የሞላበት ነው፤ ኮላጅን የእኛንም ቆዳ አጽንቶ የያዘው ፕሮቲን ነው። እርጥበት ይይዛል፣ በቁስሉ ላይ ልጥፍ ብሎ ይቆያል፣ በየቀኑ መቀየር አያስፈልገውም። ስለዚህ ስቃይ ይቀንሳል፤ ማስታገሻም ይቆጠባል። አይስላንድ ውስጥ ኬሬሲስ የተባለ ኩባንያ ከኮድ ዓሣ ቆዳ ተመሳሳይ ምርት ሠርቶ በ2013 በአሜሪካ ፈቃድ አግኝቷል።

አደራ የምለው አንድ ነገር አለ፤ ከሐይቁ የወጣ ጥሬ ቆዳ ማንም ሰው ቁስል ላይ እንዳያደርግ። ብራዚሎቹ ቅርፊቱን ይፍቃሉ፣ በጀርም መግደያ ደጋግመው ያጥባሉ፣ በግሊሰሪን ያቆያሉ፣ በጨረር ያጸዳሉ፣ ከዚያም ጀርም አለመኖሩን ይመረምራሉ። እኛ የጎደለን ዓሣው አይደለም፤ ይህን ሂደት በጥንቃቄ የሚሠራ ላቦራቶሪ ነው። ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ሐይቁ እያለ፣ ከተማው ውስጥ ዩኒቨርሲቲ እያለ፣ ይህ ሊሞከር የሚገባው ሥራ ነው ብዬ አምናለሁ።

ጥያቄ፦ ከሆጤ፣ ወጣት ሴት ነኝ። ጆሮዬን ተበስቼ ጠባሳው እያደገ ሄደ። ቢቆረጥ ይሻላል?

የነገርሽኝ ኬሎይድ (ከቁስሉ ወሰን አልፎ የሚያድግ ጠባሳ) ይመስላል፤ ተቆርጦ ብቻ ከተተወ ብዙ ጊዜ ብሶ ይመለሳል። የስቴሮይድ መርፌ፣ የሲሊኮን ሽፋንና ግፊት ተጣምረው ይሠራሉ። ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል የቆዳ ሐኪሞች አሉ፤ እነሱን አማክሪ። ሌላ ቦታ አትበሺ።

ጥያቄ፦ ከፒያሳ። አባቴ የስኳር ሕመምተኛ ናቸው። ውስጥ እግራቸው ላይ ቁስል ወጥቶ ወራት አለፈው፤ አያማቸውም። ውጭ አገር ያለው ወንድሜ «የዕድገት ንጥረ ነገር ያለው ቅባት ልላክ» ይላል። ይላክ?

የወንድምዎ አሳብ ከፍቅር የመጣ ነው፤ መድኃኒቱም አለ። ቤካፕለርሚን ይባላል፤ በ1997 በአሜሪካ የተፈቀደ ጄል ነው። ደማችን ውስጥ ያሉት ፕላትሌቶች (ደም የሚያረጉት ጥቃቅን ህዋሳት) ጥገና የሚያከናውኑትን ህዋሳት የሚጠሩበትን ፕሮቲን በላቦራቶሪ አምርተው ነው ያዘጋጁት። ዋጋው ግን ከባድ ነው፤ የሚጠቅመውም እግሩ በቂ ደም ሲያገኝ፣ የሞተው ሥጋ ሲጠረግና ቁስሉ ላይ የሚያርፈው ጫና ሲነሳ ነው። እነዚህ ሳይሟሉ ጄሉን መቀባት ገንዘብ መጣል ነው።

«አያማቸውም» ያሉት ቃል ነው ያስደነገጠኝ። ስኳር ነርቭን ያደነዝዛል። ጤነኛ ሰው ጠጠር ሲቆረቁረው ያነክሳል፣ ጫማውን ያወልቃል፤ አባትዎ ግን በዚያው ቁስል ላይ ቀኑን ሙሉ ይራመዳሉ። ይህን ከማንም በላይ ግልጽ ያደረገው ፖል ብራንድ ነው፤ ሕንድ ውስጥ የሥጋ ደዌ ሕሙማንን ያክም የነበረ ቀዶ ሐኪም። በሽታው ጣትና እግር እየበላ ነው ይባል በነበረበት ዘመን፣ እግራቸውን የሚጎዳው ሕመም ሳይሰማቸው የሚያርፍበት ጫና መሆኑን አሳየ። ያንን እግር በልኩ በተሠራ ጀሶ አስሮ ክብደቱን በመላው እግር ላይ ማሰራጨት ደግሞ ወደ ስኳር ሕሙማን ተሻገረ፤ ዛሬ ለእንዲህ ዓይነቱ የውስጥ እግር ቁስል ከሁሉ የላቀ ጫና ማቅለያ ተብሎ በዓለም ይመከራል። እኛ ዘንድ ቦሩ ሜዳ የሥጋ ደዌ ሕሙማንን ሲያክም የኖረ ሆስፒታል ነው፤ ስሜት ያጣ እግር ለዚህ አካባቢ ባለሙያ እንግዳ አይደለም።

ስለዚህ ጄሉ ከመላኩ በፊት ይህን ያድርጉ። በዚህ ሳምንት አባትዎን ወደ ሆስፒታል ይዘዋቸው ይሂዱ፤ የእግራቸው ደም ሥር ትርታ ይታይ፣ አጥንቱ አለመነካቱ ይመርመር፣ ስኳራቸው ይለካ። ጀሶውን የሠለጠነ ሰው ብቻ ነው የሚያስረው፤ ያመረቀዘ ወይም ደም የማይደርሰው እግር በጀሶ አይዘጋም። እስከዚያ ድረስ በክራንች ይሂዱ፣ ባዶ እግራቸውን አይርገጡ። ለብ ያለ ውሃ ነው ብለው እግራቸውን አይንከሩ፤ ቢያቃጥላቸውም አያውቁትም። ጫማቸውን ከማጥለቃቸው በፊት እርስዎ እጅዎን አስገብተው ይፈትሹላቸው። እግሩ ከጠቆረ፣ ከሸተተ ወይም ትኩሳት ከመጣ ሳምንቱን አይጠብቁ፤ በዚያው ቀን ይውሰዷቸው። ወንድምዎ መላክ ከፈለገ ቅድሚያ የስኳር መለኪያና ሰፊ ለስላሳ ጫማ ይላክ።

ጥያቄ፦ የነርሲንግ ተማሪ፣ ከደሴ። በቫኪዩም ቁስል ማከም ለእኛ ሆስፒታሎች ይሆናል?

ይሆናል፣ ግን ሰው ይፈልጋል። አርጄንታ እና ሞሪክዋስ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በ1997 ያሳተሙት ዘዴ ነው፦ ቁስሉ ላይ ስፖንጅ ይደረጋል፣ አየር በማያስገባ ፕላስቲክ ይታሸጋል፣ ከዚያ በ125 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ (የግፊት መለኪያ ነው) ያህል ይመጠጣል። ፈሳሹ ይወጣል፣ እብጠቱ ይቀንሳል፣ የቁስሉ ዳርና ዳር ይቀራረባል፣ ለምለም ሥጋም ይበቅላል። በሐረጎ መንገድ በመኪና አደጋ ሥጋው የተገፈፈ እግር ይዘው የሚመጡትን ሳስብ ይህ መሣሪያ በእያንዳንዱ የቀዶ ሕክምና ክፍል ቢኖር እወዳለሁ። አቅም በሌላቸው ቦታዎች በጎዝና በተራ መምጠጫ እየተሠራም ውጤት ታይቷል። ሆኖም መብራት ጠፍቶ መምጠጡ ለሰዓታት ከቆመ ታሽጎ የቀረው ቁስል ጀርም ያራባል፤ የተጋለጠ ደም ሥር ካለ ደግሞ መድማቱ ሊገድል ይችላል። ተረኛዋ ነርስ ሌሊትም ማየት አለባት።

ጥያቄ፦ ከአራዳ። እውነት ቆዳ በላቦራቶሪ ይበቅላል?

ይበቅላል። በ1975 ራይንዋልድና ግሪን የሰውን የላይኛ ቆዳ ህዋሳት በሳህን ላይ ማራባት ቻሉ። በ1981 በርክና ያናስ ከከብት ኮላጅንና ከሻርክ ልም አጥንት (ካርቲሌጅ) የወጣ ንጥረ ነገር ቀላቅለው፣ ላዩን በሲሊኮን ሸፍነው፣ የታችኛው ቆዳ የሚበቅልበትን መደገፊያ ሠሩ። እኔን ከሁሉ ያስደነቀኝ የ2015ቱ ነው። ጀርመን ውስጥ በዘር በሽታ አብዛኛው ቆዳው የተላጠ የ7 ዓመት ስደተኛ ልጅ ነበር፤ የጣሊያኑ ሚኬሌ ዴ ሉካ ቡድን ከልጁ ጥቂት ቆዳ ወስዶ የዘረመል ስህተቱን አረመ፣ አሳደገው፣ 80 በመቶ የሚሆነውን የላይኛ ቆዳውን ተካለት። ልጁ ወደ ትምህርት ቤት ተመለሰ።

እኛ አገር ለትልቅ ቃጠሎ የሚደረገው ከራሱ ከሕመምተኛው ጭን ስስ ቆዳ አንስቶ መትከል ነው። አሮጌ ዘዴ ቢሆንም አስተማማኝ ነው።

ጥያቄ፦ በፆም ወቅት ቁስሌ ይዘገያል?

ምስር፣ ሽሮ፣ ባቄላና ብርቱካን በደንብ ከበሉ አይዘገይም። ሲጋራ ግን ያዘገያል።

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ የጨርቃ ጨርቅ ምህንድስና ተማሪ ነኝ። ለመመረቂያ ሥራዬ የቁስል መሸፈኛ መሥራት እችላለሁ?

ትችላለህ፤ ከብዙ የሕክምና ተማሪ ይልቅ አንተ ትቀርባለህ። ጥሩ መሸፈኛ ከሞላ ጎደል የክር ሳይንስ ነው። የጥጥ ጎዝ ፈሳሽ ይመጥጣል ግን ይጣበቃል። ከባሕር አረም የሚሠራው የአልጂኔት ክር ውስጡ ያለውን ካልሲየም በቁስሉ ፈሳሽ ሶዲየም እየለወጠ ወደ ጄል ይቀየራል፤ ስለዚህ ሲነሳ አያሳምምም። ጥጥንም በኬሚካል ለውጦ ጄል እንዲሆን ማድረግ ይቻላል። ሙምባይ ውስጥ ሐኪሞች የሙዝ ቅጠል በእንፋሎት አጽድተው ቃጠሎ ሸፍነውበት ርካሽና ስቃይ የማያመጣ ሆኖ አግኝተውታል። ኮምቦልቻ የቆዳ ፋብሪካም አለና ኮላጅን ልታስብ ትችል ይሆናል፤ እሱ ግን የከብት በሽታ ቁጥጥርና ከባድ ማጣራት ስለሚፈልግ ለመጀመሪያ ሥራ አልመክርህም።

ከጥጥ ጀምር። ሰው ላይ የሚደረግ ነገር አሁን አታስብ፤ አራት ነገር ለካ፦ ምን ያህል ፈሳሽ ይይዛል፣ እርጥብ ሳለ ይቀደዳል ወይ፣ ሲላቀቅ ምን ያህል ኃይል ይፈልጋል፣ በእንፋሎት ሲጸዳ ባሕርዩ ይለወጣል ወይ። የመጀመሪያውን እኛ ላቦራቶሪ ልትሠራው ትችላለህ፦ ናሙናውን መዝን፣ 37 ዲግሪ በሆነ የሶዲየምና ካልሲየም ክሎራይድ ውሃ ውስጥ 30 ደቂቃ ንከረው፣ 30 ሰከንድ አንጠልጥለህ አንጠፍጥፈው፣ እንደገና መዝን። ከተራው ጎዝ ጋር ማነጻጸርህን አትርሳ። ናሙናህ ሲደርስ ላክልኝና ቀን እንቀጥር።