ያልጠየቃችሁኝን ልንገራችሁ፦ ለመርከበኞች ልጆቼ

ልጆቼ፣

ከባሕር ዳርም ከቢሾፍቱም ተመርቃችሁ በውጭ መርከቦች ላይ የምትሠሩ አንዳንዶቻችሁ ትደውሉልኛላችሁ። ወሬያችን ብዙ ጊዜ ስለ ደመወዝ፣ ስለ ኮንትራትና ስለ ፈተና ነው። ምንም አይደል፤ እኔም በናንተ ዕድሜ ከዚህ ሌላ አልጠየቅኩም። ዛሬ ግን ሌላውን ሊያድኑ ባሕር ስለወጡ 8 ሰዎች ልጽፍላችሁ ነው። አንዳቸውንም አላውቃቸውም። ግን የሞተር ክፍል ወጣት ሳለሁ ታሪካቸውን ከሰማሁ ወዲህ ከአእምሮዬ አልወጡም።

ቦታው እንግሊዝ ነው፤ ኮርንዎል በሚባለው በደቡብ ምዕራብ ጫፍ። ማውዝል የሚባል ትንሽ የዓሣ አጥማጆች መንደር አለ። ቀኑ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 19 ቀን 1981 ነው፤ የነሱ ገና ሊገባ 6 ቀን ሲቀረው። ዩኒየን ስታር የምትባል አዲስ የጭነት መርከብ ማዳበሪያ ጭና ከሆላንድ ወደ አየርላንድ ትሄድ ነበር። የመጀመሪያ ጉዞዋ ነው። ካፒቴኑ በዓሉን አብሮ ለማሳለፍ ሚስቱንና ሁለት ልጆቿን አሳፍሯል። ከአራቱ ባልደረቦቹ ጋር 8 ነፍስ ማለት ነው።

ነዳጁ ውስጥ የባሕር ውሃ ገባ። ሞተሩ ቆመ፤ አልነሣም አለ። ነፋሱ መርከቧን ወደ ቋጥኙ ይገፋታል።

እዚህ ላይ ቆም ልበል። ጎታች መርከብ አጠገባቸው ነበረች፤ «ልርዳችሁ» ብላለች። ካፒቴኑ መጀመሪያ እሺ አላለም። ሕጉን ታውቃላችሁ፦ የማዳን ውል ከተፈረመ ክፍያው የዳነው ንብረት ዋጋ ታይቶ ስለሚተመን ባለቤቱን ብዙ ያስወጣል። ቆይቶ ተስማማ፤ ባሕሩ ግን እስከዚያ ብሶበት ነበር። በሞተ ሰው ላይ አልፈርድም። «ባለቤቱ ምን ይለኛል» የሚለውን ፍርሃት አውቀዋለሁና።

የማውዝል ነፍስ አድን ጀልባ ሰለሞን ብራውን ትባላለች። 14 ሜትር የምትሆን የእንጨት ጀልባ ናት። ሠራተኞቿ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ዓሣ አጥማጆች አሉ፤ የስልክ ቴክኒሻን አለ፤ የመንደሩ መጠጥ ቤት ባለቤት አለ፤ አንዱ እንደናንተው የንግድ መርከበኛ ነው። ብሪታንያ ውስጥ ይህን ሥራ የሚመራው ማኅበር የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1824 ነው፤ የሚተዳደረውም ሰው በሚለግሰው ገንዘብ ነው። ለኛ ሰው ሳስረዳ «የባሕር ዕድር በሉት» እላለሁ። ልዩነቱ፣ የኛ ዕድር ከሞት በኋላ ይመጣል፤ ይሄኛው ከሞት በፊት ለመድረስ ይሮጣል።

ጥሪው ሲመጣ ከሚያስፈልገው በላይ ሰው ተሰበሰበ። የጀልባው አዛዥ ትሬቬልያን ሪቻርድስ መረጠ። አንድ የ17 ዓመት ልጅ ከአባቱ ጋር መጥቶ ነበር። አባቱን ወሰደ፤ ልጁን ግን አልወስድህም አለው። በእንዲህ ያለ ሌሊት ከአንድ ቤት ሁለት ሰው አይሄድም።

ስለነዚህ ሰዎች ሲወራ ሁሌ የሚነሣው ጀግንነታቸው ነው። እኔን የሚገርመኝ ግን ይህች የአንድ ደቂቃ ውሳኔ ናት። ሰውዬው ላይመለስ እንደሚችል አውቋል። ፈርቷልም ብዬ አስባለሁ። ግን ሳይደነግጥ አሰበ። ከዚያ 12 ዓመት በፊት፣ በመጋቢት 1969፣ ስኮትላንድ ኦርክኒ ደሴቶች ውስጥ የሎንግሆፕ ጀልባ ተገልብጣ ስምንቱም ሠራተኞቿ አልቀዋል። ከስምንቱ ውስጥ ሁለት አባቶች ነበሩ፤ እያንዳንዳቸው ከሁለት ልጆቻቸው ጋር። ሁለት ቤት በአንድ ሌሊት ተዘጋ። የባሕር ዳርቻ ሰው እንዲህ ያለውን አይረሳም።

ሰለሞን ብራውን ከምሽቱ 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ላይ ወጣች። ማዕበሉ እስከ 18 ሜትር ይደርስ ነበር፤ የስድስት ፎቅ ቤት ቁመት ማለት ነው። ሄሊኮፕተር ቀድሞ ሞክሮ አቅቶታል። ጀልባዋ ግን ደጋግማ ተጠጋች። አንዴ ማዕበሉ አንሥቶ የመርከቧ ጀርባ ላይ ጣላት፤ ተንሸራታ ወረደችና እንደገና ተመለሰች። በመጨረሻ «አራት ሰው አውጥተናል» የሚል ድምፅ በሬዲዮ ተሰማ። ከዚያ በኋላ ምንም የለም። የባሕር ጠባቂው ደጋግሞ ተጣራ፤ መልስ አልመጣም። 16ቱም ሞቱ፤ 8 ሊድኑ የሚጠብቁ፣ 8 ሊያድኑ የሄዱ።

በማግሥቱ ከዚያችው መንደር ለአዲስ ቡድን የሚበቃ ሰው ተመዘገበ። ለቤተሰቦቹ ከ3 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ተዋጣ። (መንግሥት ከመዋጮው ግብር ሊወስድ አስቦ ሕዝቡ ጮኸበት። የግብር ሰው የትም ያው ነው።) ያ የ17 ዓመት ልጅም አድጎ ፔንሊ የሚባለው የዚያው የነፍስ አድን ጣቢያ ጀልባ አዛዥ ሆነ።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ፤ ይህን የምጽፈው ለዚህ ነውና። ሦስተኛ ኢንጂነር ሳለሁ፣ በሌሊት ዋች (የሥራ ፈረቃ) ላይ፣ ከነዳጅ ታንኩ ሥር የሚጠራቀመውን ውሃ ሳላፈስ ቀረሁ። ደክሞኝ ነበር፤ ደግሞም በፊተኛው ዋች ንጹሕ ነበር። መዝገቡ ላይ ግን «ተደርጓል» ብዬ ፈረምኩ። ሊነጋጋ ሲል ሞተሩ ማስነጠስ ጀመረ፤ ከዚያ ቀጥ አለ። ሕንድ ውቅያኖስ ላይ ነን፤ ባሕሩ እንደ ጣና ጠዋት የተኛ ነው። ከ40 ደቂቃ በኋላ ተነሣ። ማንም አልተጎዳም።

ቺፍ ኢንጂነሩ አልተቆጣኝም። በብርጭቆ ከታንኩ ሥር ቀድቶ ፊቴ አስቀመጠው። ከላይ ነዳጅ፣ ከታች ውሃ። ከዚያ የዩኒየን ስታርን ታሪክ ነገረኝ። መጀመሪያ የሰማሁት ያኔ ነው። ሲጨርስ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀኝ፦ «ዛሬ ባሕሩ ተቆጥቶ ቢሆን፣ አንተን ሊያወጣ ከቤቱ የሚነሣው ማን ነበር?»

መልስ አልነበረኝም። መዝገቡን አውጥቼ በፊርማዬ ላይ ሰረዝ አደረግኩ፤ ከጎኑ እውነቱን ጻፍኩ። በወሩ መጨረሻ ደመወዜ ላይ ታየ። ተገቢ ነበር።

የሰለሞን ብራውን ሰዎች ሊያድኑ ወጡ። ጥፋቱ የማን ነው ብለውም አልጠየቁም። እናንተን የሚያወጣችሁም ሰው አይጠይቃችሁም። ስለዚህ ሞተሩ ሲያስቸግራችሁ «ትንሽ ልሞክር፣ ኋላ እነግራቸዋለሁ» አትበሉ። ገና ብርሃን ሳለ፣ ባሕሩም ሳይከፋ ንገሩ። ካፒቴኑ ይቆጣ። ካምፓኒው ይክሰስ። ቁጣ ተችሎ ይታለፋል።

በየዓመቱ በፈረንጆቹ ታኅሣሥ 19 ምሽት ማውዝል ውስጥ የገና መብራቶቹ ለአንድ ሰዓት ይጠፋሉ። በዚያ ቀን ባሕር ላይ ከሆናችሁ፣ ከዋች በፊት ሻይ ከመቅዳታችሁ አስቀድማችሁ ወደ ታንኩ ውረዱ። ቫልቩን ክፈቱ። በብርጭቆ ቅዱና ወደ መብራቱ አንሥታችሁ እዩት።