የጌም ተጨማሪ ታሪክ ልግዛ ወይስ ልተው? ጥያቄና መልስ ከደብረ ብርሃን

ደብረ ብርሃን ጌም ቤት አለኝ። ደንበኞቼ የሚመጡት ለኳስ ነው፤ እኔ ግን ማታ በሩን ከዘጋሁ በኋላ የምጫወተው የታሪክ ጌም ነው። ስለ ዲኤልሲ፣ ማለትም ከዋናው ጌም በኋላ ለብቻው ስለሚወጣ ተጨማሪ ክፍል፣ የሚጠይቀኝ ሰው ስለበዛ ዛሬ ማታ የመጣውን ሁሉ እመልሳለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

ጥያቄ፦ ሸዋ ሮቢት ነኝ። ዊቸር 3ን ጨርሻለሁ። ሁለቱን ኤክስፓንሽኖች (ትልልቅ ተጨማሪ ታሪኮች) ልግዛ?

መልስ፦ ዓይንህን ሳታሽ ግዛ። የ2016ቱ «ብለድ ኤንድ ዋይን» 20 ሰዓት ገደማ ያስኬዳል፤ ቱሳን የሚባል አዲስ አገርም ይከፍታል። ከዋናው ታሪክ ጦርነትና ጭቃ በኋላ ቱሳን መግባት ከጣርማ በር ጉም ወደ እናንተ ሙቀት እንደ መውረድ ነው፤ ገላ ይፈታታል። እኔ የማስበልጠው ግን የ2015ቱን «ሃርትስ ኦፍ ስቶን» ነው። 10 ሰዓት ያህል ነው፤ ካርታውም ብዙ አይሰፋም። ኦልጊርድ የተባለ ባላባት የተመኘውን ለማግኘት ይዋዋላል፤ ያገኛል፤ ልቡ ግን ድንጋይ ይሆንበትና ለሚስቱ እንኳ ፍቅር ይጠፋበታል። ራሱን የቻለ መነሻና መድረሻ ያለው ታሪክ ነው። ዲኤልሲ ስትመርጡ ከካርታው ስፋት በፊት ይህንን እዩ።

ጥያቄ፦ የሳይበርፐንክ «ፋንተም ሊበርቲ» ፕሌይስቴሽን 4 ላይ ይሠራል?

መልስ፦ አይሠራም። በ2023 ሲወጣ ለፕሌይስቴሽን 5፣ ለአዲሶቹ ኤክስቦክሶችና ለኮምፒውተር ብቻ ነበር። የሆራይዘን «በርኒንግ ሾርስ»ም ፕሌይስቴሽን 4 ላይ የለም። ዋናው ጌም ስለሠራላችሁ ተጨማሪውም ይሠራል ብላችሁ አትክፈሉ።

ጥያቄ፦ ከመሃል ሜዳ። ያገለገለ ዲስክ ገዝቼ ዲኤልሲውን ከስቶር ብከፍልም ጌሙ ውስጥ አይታይም። ተበላሁ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ እኔም በዚህ ገንዘብ አጥቻለሁና ይገባኛል። ለኢትዮጵያ የተከፈተ የፕሌይስቴሽን ስቶር ስለሌለ አካውንት የምናወጣው በሌላ አገር ስም ነው። ዲስኩ ደግሞ ከሌላ አካባቢ ይመጣል። የአውሮፓ ዲስክና የአሜሪካ አካውንት ዲኤልሲ አይተዋወቁም። ከመክፈልህ በፊት የዲስኩን ኮድ ስቶሩ ላይ ካለው ጋር አመሳክር። አሁን ያለህ አማራጭ ዲስኩን በተስማሚው መለወጥ ነው። ከሁሉ የሚሻለው ተጨማሪው አብሮ የታተመበትን ሙሉ እትም መግዛት ነው፤ ለኔት ፍጆታም ይረዳል።

ጥያቄ፦ ኤልደን ሪንግ ላይ «ሻዶ ኦፍ ዘ ኧርድትሪ»ን ገዛሁ፤ መግቢያው ጠፋኝ።

መልስ፦ ራዳንና ሞግ የሚባሉትን ሁለት ኃይለኛ ጠላቶች ሳትጥል አይከፈትም። ስለዚህ 40 ዶላር ከማውጣት በፊት ዋናውን መግፋት ነው። ግማሽ ላይ ለቆመ ጌም ተጨማሪ አይገዛም።

ጥያቄ፦ ልጄ 10ኛ ክፍል ነው። «ለኤክስፓንሽን 30 ዶላር» አለኝ። እየሸወደኝ ነው?

መልስ፦ እናቴ፣ ዋጋው እውነተኛ ነው፤ «ፋንተም ሊበርቲ» የወጣው በዚያው ዋጋ ነበር። ሁለት ነገር ይጠይቁት፦ ዋናውን ጨርሷል? የሚገዛው ታሪክ ነው ወይስ ጌጥ? በ2006 ኦብሊቪየን የሚባል ጌም ለፈረስ የሚለበስ ጥሩር ብቻ 2.50 ዶላር ሸጧል፤ እንዲህ ላለው አይክፈሉ። ታሪክ ከሆነም ቅናሽ እስኪመጣ ይታገስ። ጋድ ኦፍ ዋር ራግናሮክ ካለው ደግሞ «ቫልሃላ» የተባለው ተጨማሪ በነፃ ነው።

ጥያቄ፦ የጂቲኤ 5 ተጨማሪ ታሪክ የት ይገኛል?

መልስ፦ የለም። ሁለት ተጨማሪ ታሪክ የነበረው ጂቲኤ 4 ነው፣ በ2009።

ጥያቄ፦ ከሁሉም አንድ ትዕይንት ምረጥ ብትባልስ?

መልስ፦ የ«ሃርትስ ኦፍ ስቶን» ሰርግ። የኦልጊርድ የሞተ ወንድም በዋናው ባለታሪክ በጌራልት ገላ ገብቶ ለአንድ ሌሊት ይጨፍራል፤ መመለሱ እንደማይቀር ያውቃል። መጀመሪያ ስጫወተው መሀል ላይ መብራት ሄደ። ብርዱ ያንቀጠቅጣል፤ እኔ ግን ጋቢዬን ተከናንቤ እስኪመጣ ጠበቅሁ። ያንን ሰርግ ሳላስጨርሰው መተኛት አልቻልኩም።