የተከራዩት ካሜራ መድን የሚጠብቀው ማንን ነው?

ጥያቄ፦ በደሴ ከተማ አነስተኛ የፊልም ሥራ ድርጅት አለኝ። አሁን ለምንሠራው ፊልም ካሜራና ሌንሶች ከአዲስ አበባ በቀን ሒሳብ ተከራይተናል። አከራዩ ውሉን ስንፈርም «ካሜራው ኢንሹራንስ አለው፣ አትስጉ» ብሎን ነበር፤ ውሉ ላይ ግን «ለሚደርሰው ማናቸውም ጉዳት ተከራይ ኃላፊ ነው» ተብሎ ተጽፏል። ሐይቅ ዳር ስንቀርጽ ነፋስ ትራይፖዱን ጥሎት ካሜራው ከነሌንሱ ውሃ ውስጥ ገባ። በዚያው ሳምንት ፒያሳ በተከራየነው ቤት መብራት ይሰቅል የነበረና በቀን የሚከፈለው ልጅ ከመሰላል ወድቆ ክንዱ ተሰበረ። አከራዩ የካሜራውን ሙሉ ዋጋ እየጠየቀን ነው። ኢንሹራንሱ አይከፍልልንም? የቀረን ቀረጻ የመኪና ትዕይንትና ድሮን ያለበት ሲሆን ኮምቦልቻ ላይ ይከናወናል። አንድ የኢንሹራንስ ሽያጭ ወኪል «ሁሉም ተሸፍኗል፣ ወረቀቱ ይደርሳል» ብሎኛል። በዚህ ልተማመን?

መልስ፦ የተከበሩ ጠያቂያችን፣ ደብዳቤዎ የደረሰኝ ካሜራው ውሃ ውስጥ በገባ በሦስተኛው ቀን ስለነበር ጊዜ የማይሰጠውን ነገር አስቀድሜ በስልክ ነግሬዎታለሁ፤ ለሌሎች አንባቢዎችም ስለሚጠቅም እዚህ እደግመዋለሁ። ስለ መድን ውል ዛሬም የሚሠራው የ1952 ዓ.ም. የንግድ ሕግ ነው፤ በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1243 የቀድሞውን ሕግ በከፊል ቢተካም የመድንን ክፍል አልነካውም። በዚህ ሕግ አንቀጽ 670 መሠረት የመድን ተጠቃሚው አደጋ መድረሱን ባወቀ በአምስት ቀን ውስጥ ለመድን ሰጪው ማስታወቅ አለበት። እዚህ ላይ ተጠቃሚው አከራዩ እንጂ እርስዎ አይደሉም፤ ስለዚህ የእርስዎ ድርሻ አደጋው መቼ፣ የትና እንዴት እንደደረሰ ለአከራዩ ወዲያውኑ በጽሑፍ ማሳወቅና የደረሰበትን ማረጋገጫ መያዝ ነው። አከራዩ ቀኑን ካሳለፈውና ካሳው በዚህ ምክንያት ከቀረበት፣ ለኪሣራው እርስዎን ብቻ ተጠያቂ ማድረግ እንደማይችል ለመከራከር ይህ ደብዳቤ ዋና ማስረጃዎ ይሆናል። ካሜራውን ለማብራት አይሞክሩ፣ ለጠጋኝም አይስጡ፤ ገምጋሚ እስኪያየው ድረስ በደረሰበት ሁኔታ ይቆይ።

ወደ ዋናው ጥያቄ ልለፍ። «ካሜራው ኢንሹራንስ አለው» የሚለው አነጋገር በእኛ አካባቢ የፊልም ሥራ ላይ ብዙ ሰው ያሳሳተ ነው። መድን የሚከተለው ዕቃውን ሳይሆን ውሉ ላይ ስሙ የሰፈረውን ሰው ነው። አከራዩ የገባው መድን የአከራዩን ሀብት ይጠብቃል፤ በካሜራው የሚገለገለውን ሰው ግን ከኃላፊነት አያድነውም። እንዲያውም መድን ድርጅቱ ለአከራዩ ካሳ ከከፈለ በኋላ በንግድ ሕጉ አንቀጽ 683 በተሰጠው የመዳረግ መብት አከራዩን ተክቶ፣ በከፈለው ገንዘብ ልክ ለጉዳቱ ኃላፊ ነው የሚለውን ሦስተኛ ወገን መክሰስ ይችላል፤ ያ ሦስተኛ ወገን ደግሞ እርስዎ ነዎት። የኪራይ ውሉን ከመፈረምዎ በፊት «መድን ሰጪው በተከራዩ ላይ የመዳረግ መብቱን አይጠቀምም» የሚል የመድን ድርጅቱ የጽሑፍ ማረጋገጫ ጠይቀው ቢሆን ኖሮ፣ ወይም ስምዎ በተጨማሪ መድን ገቢነት ፖሊሲው (የመድን ውሉ ሰነድ) ላይ ቢገባ ኖሮ፣ ነገሩ ሌላ መልክ ይኖረው ነበር። አሁን ግን ያለዎት የቃል ማጽናኛና በአንጻሩ የቆመ የጽሑፍ አንቀጽ ነው።

ነፋሱን እንደ መከላከያ ማንሳቱም ብዙ የሚያራምድ አይመስለኝም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1792 ከአቅም በላይ የሆነ ኃይል የሚባለው ሊገመት የማይችልና ግዴታን ከመፈጸም ፍጹም የሚከለክል ነገር ነው። ሐይቅ ዳር ነፋስ መነሳቱ የሚገመት ነገር ነው፤ ትራይፖዱ በአሸዋ ከረጢት ተይዞ እንደነበርና እንዳልነበር መጠየቁም አይቀርም።

ይሁንና አከራዩ የጠየቀው «ሙሉ ዋጋ» ሁሉ ይገባዋል ማለት አይደለም። አስቀድመው ሁለት ነገሮችን በጽሑፍ ይጠይቁት፤ ለመድን ሰጪው ጥያቄ አቅርቦ እንደሆነና ምን ምላሽ እንዳገኘ። ከመድን ድርጅቱ የተቀበለውን ገንዘብ በድጋሚ ከእርስዎ ሊቀበል አይችልም፤ ለአንድ ጉዳት ሁለት ጊዜ መካስ ሕጉ የማይፈቅደው ነገር ነው። የካሳው መጠንም በንግድ ሕጉ አንቀጽ 678 መሠረት ንብረቱ አደጋው በደረሰበት ቀን ከነበረው ዋጋ ሊበልጥ አይችልም፤ ዓመታት ያገለገለ ካሜራ በአዲስ ካሜራ ዋጋ አይተመንም። ይህ አንቀጽ የተጻፈው ለመድን ውል ቢሆንም፣ በእርስዎና በአከራዩ መካከል ለሚደረገው ድርድርም ኪሣራ የሚለካው በትክክለኛው ጉዳት ልክ ነው የሚለው አጠቃላይ መርሕ ይሠራል። ሌንሱ መትረፍ አለመትረፉም ለብቻው ይገመገም።

አከራዩ ካሜራውን ለመድን ሰጪው ያስመዘገበው ራሱ በስቱዲዮ ውስጥ የሚገለገልበት አድርጎ ሲሆን፣ በተግባር ግን በየክልሉ የሚያከራየው ሊሆን ይችላል። የንግድ ሕጉ አንቀጽ 667 መድን ገቢው ስለሥጋቱ የሚያውቀውን ሁሉ በትክክል እንዲገልጽ ያስገድዳል፤ አውቆ ከደበቀ አንቀጽ 668 ውሉን ውጤት ያሳጣዋል። ኢንሹራንሱ በዚህ ምክንያት ቢቀር ጥፋቱ የአከራዩ ነው፤ «ኢንሹራንስ አለው» ብሎ እንደነገርዎ የሚመሰክሩ የቡድን አባላት ካሉ በድርድሩ ላይ ይህን ማንሳት አለብዎት።

አሁን ወደ ተጎዳው ልጅ። በእኔ እምነት ከካሜራው በፊት ሊታሰብበት የሚገባው የእሱ ነገር ነው፤ ስለዚህ ደብዳቤዎ ውስጥ ጉዳዩ በአንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ማለፉ አሳስቦኛል። በቀን መከፈሉ ሠራተኛ ከመሆን አያወጣውም። በእርስዎ ትእዛዝ፣ በእርስዎ ሰዓትና በእርስዎ መሣሪያ የሚሠራ እስከሆነ ድረስ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ይመለከተዋል፤ በዚህ አዋጅም አሠሪው በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ነው። የሕክምና ወጪውን ይሸፍናሉ፤ ሥራ መሥራት ባልቻለበት ጊዜ ደግሞ እስከ አንድ ዓመት ድረስ፣ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሙሉ ደመወዙን፣ ለቀጣዮቹ ሦስት ወራት ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ ለቀሩት ስድስት ወራት ከ50 በመቶ ያላነሰ ይከፍላሉ። በራሱ ኃላፊነት ሥራ ተረክቦ፣ በራሱ መሣሪያና በራሱ ሠራተኞች የሚሠራ የመብራት ባለሙያ ቢሆን ኖሮ ክርክሩ ይለወጥ ነበር፤ በገለጹልኝ ሁኔታ ግን ያ ልጅ እንደዚያ ዓይነት ሰው አይደለም። ይህን ሸክም የሚያቀልልዎ መድን በገበያው ላይ የሠራተኞች ጉዳት ካሳ መድን በሚል ይታወቃል፤ ለቀጣዩ ቀረጻ የመብራቱን፣ የድምፁን፣ የምግቡንና የሾፌሩን ሠራተኞች በስም ዝርዝር አስገብተው ይግዙት። በራሳቸው ውል ለሚመጡ ተዋንያን ደግሞ የግል አደጋ መድን ይስማማል።

ወኪሉ የሰጠዎትን ቃል በተመለከተ መልሴ አጭር ነው፤ አይተማመኑበት። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1725 መሠረት የመድን ውል በጽሑፍ መሆን አለበት። ፖሊሲው እስኪዘጋጅ ድረስ የሚያገለግል፣ በድርጅቱ ማኅተም የተረጋገጠ ጊዜያዊ የሽፋን ደብዳቤ መጠየቅ ይቻላል፤ ይህ ደብዳቤና የአረቦን (ለመድኑ የሚከፈለው ገንዘብ) ደረሰኝ በእጅዎ ሳይገቡ ኮምቦልቻ ላይ ቀረጻ አይጀምሩ።

ለፊልም ሥራ ተብሎ የተዘጋጀ አንድ ወጥ ጥቅል ካላገኙ፣ ሽፋኑን ከተለያዩ ፖሊሲዎች ማሰባሰብ ይኖርብዎታል። የተከራዩት ንብረት የሌላ ሰው ቢሆንም በደኅንነቱ ላይ ጥቅም ስላለዎት በራስዎ ስም መድን መግባት ይችላሉ፤ ለዚህ የሚስማማው በተለምዶ «ኦል ሪስክ» የሚባለው፣ በፖሊሲው ተለይተው ካልወጡት በቀር ማናቸውንም ጉዳት የሚይዘው ሽፋን ነው። በራስዎ ስም ሲገቡ ሌላም ጥቅም ያገኛሉ፤ በንግድ ሕጉ አንቀጽ 663 መሠረት መድን ሰጪው በመድን ገቢው ቸልተኝነት ለሚደርስ አደጋም ኃላፊ ሲሆን፣ ነጻ የሚሆነው አደጋው ሆን ተብሎ ሲደርስ ነው። ፖሊሲውን ሲያነቡ ግን ከሽፋን ውጪ የተደረጉትን ነገሮች ከሽፋኑ ይልቅ በጥንቃቄ ይዩ። ጠባቂ ከሌለው መኪና ውስጥ የተሰረቀ ዕቃ ብዙ ጊዜ አይካስም፤ ሌሊት ኮምቦልቻ ላይ ካሜራውን መኪና ውስጥ ትቶ ሆቴል ማደር ሽፋኑን ሊያሳጣ ይችላል። ጦርነትና ሁከትም ብዙውን ጊዜ በፖሊሲዎች ከሽፋን ውጪ ይደረጋሉ፤ በወሎ ለምንሠራ ሰዎች ይህ አንቀጽ ተራ ጉዳይ ስላልሆነ፣ በተጨማሪ አረቦን የሚገባ ክፍል ካለ በግልጽ ይጠይቁ። የማስታወሻ ካርድ ቢጠፋ የሚካሰው የካርዱ ዋጋ ነው፤ በውስጡ ያለውን የሳምንታት ቀረጻ እንደገና ለመቅረጽ የሚወጣው ገንዘብ ግን በተለይ ካልተጻፈ አይሸፈንም። ስለዚህ በየምሽቱ ቅጂውን ሁለት የተለያዩ ቦታዎች ያስቀምጡ፤ ዋናው ተዋናይ ቢታመም የሚባክኑትን ቀናትም እንዲሁ ለብቻ ይጠይቁ።

የመኪናውን ትዕይንት በሚመለከት፣ በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ግዴታ የሆነው የሦስተኛ ወገን መድን በሌላ ሰው ላይ ለሚደርሰው ጉዳት እንጂ ለራስዎ መኪና አይደለም። የሙሉ ሽፋን ፖሊሲም ቢሆን መኪናው የሚውልበትን አገልግሎት ይገድባል። በሐረጎ ቁልቁለት በፍጥነት የሚነዳ መኪና ለመቅረጽ ካሰቡ ይህንኑ በጽሑፍ አሳውቀው መልሱን በጽሑፍ ይቀበሉ፤ ውሉ ከተፈረመ በኋላ ሥጋቱን የሚጨምር ለውጥ ሲመጣ ማስታወቂያ የሚሰጥበት ጊዜ በአንቀጽ 669 መሠረት 15 ቀን ነው። ድሮን ሲያበሩ የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ኮምቦልቻ ደግሞ የአውሮፕላን ማረፊያ ያላት ከተማ በመሆኗ ጥንቃቄው እጥፍ ነው። ያለ ፈቃድ የተነሳ ድሮን ሰው ላይ ቢወድቅ መድን ሰጪው አልከፍልም የሚልበትን በር ራስዎ ከፍተውለታል። ተመልካችን፣ መንገደኛንና የምትቀርጹበትን ቤት ለሚመለከተው ጉዳት የሕዝብ ኃላፊነት መድን ያስፈልጋል፤ የፒያሳው ቤት ባለቤት እስካሁን ምንም አለመጠየቁ በዚህ ረገድ ዕድለኛ አድርጎዎታል።

መድን ሰጪው ጥያቄዎን ውድቅ ካደረገ ምክንያቱን በጽሑፍ እንዲሰጥዎ ይጠይቁ፤ በአንቀጽ 674 መሠረት ከመድን ውል የሚመነጭ ጥያቄ በሁለት ዓመት ይርጋ ስለሚታገድ ደብዳቤ እየተመላለሰ ጊዜው እንዳያልፍ ቀኑን ይመዝግቡ። ወደ ቢሮዬ ሲመጡ የኪራይ ውሉን፣ ለአከራዩ የጻፉትን ደብዳቤ ቅጂ፣ የልጁን የሕክምና ማስረጃና የቀን ክፍያ መዝገቡን፣ እንዲሁም ካሜራው ከውሃ ሲወጣ ያነሱት ፎቶ ካለ ይዘው ይምጡ።