ጠቅላይ ሚኒስትሩ ተጠሪነታቸው ለማን ነው?

ልጆች፣ እኔ ዕድሜዬን የፈጀሁት በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሕግ ክፍል ውስጥ ነው። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ የሰፈር ልጆች ሲያገኙኝ ብዙ ጊዜ የሚጠይቁኝ "ጠቅላይ ሚኒስትር ይበልጣል ወይስ ፕሬዚዳንት?" እያሉ ነው። ጥያቄው አይከፋም፤ ግን ማን ይበልጣል ብላችሁ አትጀምሩ። ስለ ማንኛውም ባለሥልጣን ስትሰሙ መጀመሪያ "ተጠሪነቱ ለማን ነው? ከሥልጣኑ የሚያነሣውስ ማን ነው?" በሉ። ይህን ካወቃችሁ ሌላው ቀስ እያለ ይገባችኋል።

ከታሪኩ ልጀምር። ዐፄ ምኒልክ የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች የሾሙት በ1900 ዓ.ም. ነው። ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ የጦር፣ አፈ ንጉሥ ነሲቡ የፍርድ፣ በጅሮንድ ሙሉጌታ የገንዘብ ሚኒስትር ሆኑ። ልብ በሉ፣ ጠቅላይ ሚኒስትር የሚባል ሰው በመካከላቸው አልነበረም። ሁሉም ጉዳዩን ይዞ የሚቀርበው በቀጥታ ለንጉሠ ነገሥቱ ነበርና።

ማዕረጉ የመጣው ከጣሊያን ወረራ በኋላ፣ በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ነው። መጀመሪያ የያዙት መኮንን እንዳልካቸው ናቸው። ቀጥሎ አበበ አረጋይ፣ ከዚያ አክሊሉ ሀብተ ወልድ፣ ከዚያ ደግሞ በ1966 ዓ.ም. ልጅ እንዳልካቸው መኮንን። ስሙን ገልብጣችሁ አንብቡት፣ የመጀመሪያው ጠቅላይ ሚኒስትር ልጅ ናቸው! ያኔ ሾሚም ሻሪም ንጉሠ ነገሥቱ ነበሩ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሚኒስትሮቻቸውን መርጠው ማቅረብ የቻሉት እንኳ በ1958 ዓ.ም. ነው፤ ያውም በንጉሡ ፈቃድ። አንድ ሰው የሚሾመውም የሚሽረውም አንድ ሰው ብቻ ሲሆን ዐይኑ የሚያርፈው የት እንደሆነ እናንተው ገምቱት።

ወንበሩ አደገኛም ነበር፣ ልጆች ናችሁ ብዬ አልደብቃችሁም። አበበ አረጋይ በታኅሣሥ 1953ቱ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ተገደሉ። አክሊሉና ልጅ እንዳልካቸው ደግሞ በኅዳር 1967 ዓ.ም. ያለ ፍርድ በደርግ ተረሸኑ። ከንጉሡ ዘመን የመጨረሻው ጠቅላይ ሚኒስትር ከልጅ ሚካኤል እምሩ በኋላ ማዕረጉ ለዓመታት ጠፋ። የተመለሰው በ1980 ዓ.ም. ገደማ ፍቅረ ሥላሴ ወግደረስ ሲሾሙ ነው። ሆኖም ያን ጊዜ ዋናው ሥልጣን በፕሬዚዳንቱ በመንግሥቱ ኃይለ ማርያም እጅ ነበር። ማዕረጉ ያው፣ ክብደቱ ግን ሌላ።

አሁን ያለው ሥርዓት የመጣው በነሐሴ 1987 ዓ.ም. ሥራ ላይ ከዋለው ሕገ መንግሥት ጋር ነው። አንቀጽ 72ን አንብቡት፣ አጭር ነው። ጠቅላይ ሚኒስትሩና የሚኒስትሮች ምክር ቤት ተጠሪነታቸው ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው ይላል። አንቀጽ 73 ደግሞ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ከዚያው ምክር ቤት አባላት መካከል ይመረጣሉ ይላል። ስለዚህ "ሳድግ ጠቅላይ ሚኒስትር እሆናለሁ" የምትሉ ልጆች (ብዙ እንደሆናችሁ አውቃለሁ) መንገዱ በአንድ የምርጫ ክልል በኩል ያልፋል። መጀመሪያ ከዚያ ተወዳድሮ ማሸነፍ አለ። ከዚያ ደግሞ ፓርቲያችሁ ብቻውን ወይም ከሌሎች ጋር ተጣምሮ በምክር ቤቱ አብላጫ መቀመጫ መያዝ አለበት።

ሥራቸውስ? አንቀጽ 74 ይዘረዝረዋል። የሚኒስትሮች ምክር ቤትን ይሰበስባሉ፣ የጦር ኃይሎች ጠቅላይ አዛዥ ናቸው፣ የውጭ ፖሊሲን በበላይነት ይመራሉ። ሚኒስትሮችን ያጫሉ፤ ሹመቱን የሚያጸድቀው ግን ምክር ቤቱ ነው። እኔ በጣም የምወደው የተወካዮች ምክር ቤት ፊት ቀርበው በየጊዜው ሪፖርት ያቀርባሉ የሚለውን ነው፤ ትልቅ ሹም ቆሞ "ይህን ሠራሁ፣ ይህ ቀረኝ" እንዲል ሕግ ማስገደዱ ቀላል ነገር አይደለም።

ፕሬዚዳንቱ ርእሰ ብሔር ናቸው። በመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ ሁለቱ ምክር ቤቶች (የሕዝብ ተወካዮችና የፌዴሬሽን) ሲከፈቱ ንግግር የሚያደርጉት እሳቸው ናቸው። አምባሳደሮችን ይሾማሉ፤ እሱም ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሲያቀርቡላቸው ነው። ከሁለት የስድስት ዓመት ዘመን በላይ መመረጥ አይችሉም። ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ግን እንዲህ ያለ ገደብ በሕገ መንግሥቱ አልተጻፈም። ለምን ብላችሁ ክፍል ውስጥ ተከራከሩበት፤ የሁለቱም ወገን ክርክር ሚዛን የሚደፋ ነገር አለው።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር። ወረቀት ላይ ያለውና በተግባር የሚሠራው ሁልጊዜ አንድ አይደሉም። አዋቂዎች ይህን ሲነግሯችሁ ግን "እንግዲያው ሕጉን ማንበብ ምን ይጠቅማል" ብላችሁ አትተዉት። ሳታነቡት የትኛው እንደጎደለ በምን ታውቁታላችሁ? በሚቀጥለው ጊዜ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ምክር ቤት ቀርበው በቴሌቪዥን ሲተላለፍ ደብተር ያዙ። በአንድ በኩል የአባላቱን ጥያቄ፣ በሌላው በኩል የተሰጠውን መልስ ጻፉ። ጭብጨባውን እለፉት። ሳይመለስ የቀረ ጥያቄ ካለ ክበቡትና በማግስቱ ለሥነ ዜጋ መምህራችሁ አሳዩ።