ወደ ገደሉ አትወርውሪው

እህቴ፣ ጥያቄሽን አሁን ነው ያየሁት። «ደሴ ነው ያለሁት። ጓሮዬ አጥር ሥር ቀበሮ የሚመስል አውሬ ሞቶ አገኘሁ። ውሻዬ ሲልሰው ደረስኩ። ልጆች አሉኝ። ገደል ልጣለው ወይስ ላቃጥለው?» ነው ያልሽው። መጀመሪያ አብሽሪ። ውሻውን እሰሪው፣ ልጆቹን ቤት አስገቢ። ሌላው አንድ ሰዓት ቢዘገይ ምንም አይልም።

ፎቶውን አጉልቼ አየሁት። ቀበሮ አይደለም፣ ጥርኝ ነው። ዓይኑ ዙሪያ ጥቁር፣ እግሩም ጥቁር፣ ጎኑ ነጠብጣብ። ዝባድ የሚወጣው ከሱ ነው። ስለዚህ የሸተተሽ ሁሉ የብስባሽ ሽታ ላይሆን ይችላል። ጭራው ሥር ያለው እጢ ብቻውን አፍንጫ ይሰነፍጣል።

እኔን የገጠመኝ ጅብ ነበር። የዛሬ ሦስት ዓመት፣ ክረምት ላይ፣ ጦሳ ተራራ ሥር ካለው ቤታችን። ቅዳሜ ጠዋት የጓሮውን በር ስከፍት ቦዩ ውስጥ በጎኑ ተጋድሟል። የተኛ መስሎኝ ጠጠር ወረወርኩበት። ዝም። ጆሮው ላይ ዝንብ ሰፍሯል፣ ከንፈሩ ላይ አረፋ ደርቆ እንደ ሳሙና ነጭ ሆኗል። ያ አረፋ ነው ያስደነገጠኝ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባል የለ፤ የኛ ውሻ ደግሞ ጅብ ከሞተ በኋላ ጀግና ሆነና ጆሮውን ነክሶ ይጎትታል።

ስልክ መደወል ጀመርኩ። አንዱ ቢሮ «የጽዳት ሥራ ነው» አለኝ። ሌላው «የዱር አውሬ እኛን አይመለከትም»። በመጨረሻ «እስከ ሰኞ ይቆይ» ተባልኩ። እስከ ሰኞ ማን ይጠብቃል? ከጎረቤት ልጅ ጋር ዶማ አንስተን ጓሮ ቆፈርን። የኛን ሰፈር መሬት ታውቂዋለሽ፣ ሁለት ጊዜ ስትቆፍሪ ድንጋይ ነው። ጉልበት ድረስ እንደደረስን ሰለቸን። ከተትነውና አፈር መለስንበት።

በሦስተኛው ሌሊት ዝናቡ አፈሩን ሸረሸረው፣ የሰፈር ውሾች የቀረውን ጨረሱት። ሀጂ፣ ጎረቤታችን፣ ለሱብሂ ሰላት ሲወጡ በራቸው ላይ የጅብ እግር ረገጡ። እስከ ዛሬ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ «ቀባሪው፣ ሰላም ነው?» ይሉኛል።

ስለዚህ ከቀበርሽ ከወገብ በላይ ይቆፈር። አንድ ሜትር ያህል አፈር ከላዩ መመለስ አለበት። ከዚያ ትልልቅ ድንጋይ ደርድሪበት፣ ከድንጋዩ ላይ ደግሞ አፈር። ኖራ በትኚ የሚሉሽ ይኖራሉ። ኖራው ሽታ ይቀንስ ይሆናል እንጂ ውሻ አያስቆምም። ውሻ የሚያስቆመው ድንጋዩ ነው። ከጉድጓድ ውሃ፣ ከምንጭና ከቦይ ይራቅ። ግቢሽ ጠባብ ወይም ተዳፋት ከሆነ ራስሽ አትቅበሪ፤ የቀበሌ ጽዳት ሠራተኞች ሲያነሱልሽ ቦታውን ጠይቂ።

ገደሉን ግን እርሺው። ከላይ የጣልሽው ሁሉ ጎርፍ ገፍቶት ቦርከና ወንዝ ይገባል፣ ቦርከና ደግሞ ወደ ኮምቦልቻ ነው የሚወርደው። እዚያ ታች አትክልት የሚያጠጡበት፣ ከብት የሚያጠጡበት ሰዎች አሉ። ሌላም አለ። አውሬው የሞተው የውሻ መርዝ ወይም የአይጥ መርዝ በልቶ ከሆነ፣ እሱን የበላ ውሻም ድመትም ጆፌ አሞራም ተከትሎት ሊሞት ይችላል። አሞራው ጥንብ ያነሳልናል እያልን እሱኑ እንገድለዋለን። ማቃጠሉም አያዋጣም። እርጥብ ሥጋ በአንድ ሸክም እንጨት አይነድም፤ ግማሹ ይጠበሳል፣ ግማሹ ይቀራል፣ ሰፈሩ በጭስ ይታፈናል።

ስትነኪው እጅሽ ላይ ወፍራም ጓንት፣ ከሌለ ድርብ ፌስታል። አፍና አፍንጫሽን ሸፍኚ። በአካፋ አንስተሽ ሁለት ማዳበሪያ ውስጥ ክተችው። ጭንቅላቱን አትቀጥቅጪ። የእብድ ውሻ በሽታ የሚመረመረው ከአንጎል ነው፤ የእንስሳት ሐኪሙ ይላክ ካለ ጭንቅላቱ ደህና መሆን አለበት። የተኛበትን ቦታ አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ በጥብጠሽ አፍሺበት። አካፋውንም እጠቢበት።

አሁን ወደ ዋናው፣ ወደ ውሻሽ። ጥርኝም ጅብም ቀበሮም የእብድ ውሻ በሽታ ሊይዛቸው ይችላል። ቫይረሱ ምራቅና አንጎል ውስጥ ነው ያለው፤ እንደ ደሴ ባለ ብርድ ደግሞ ሬሳ ቶሎ አይበሰብስም፣ ቫይረሱም ይቆያል። የኔ ውሻ ክትባቱን የጨረሰ ነበር። ሐኪሙ ግን ያኔውኑ ደገመለትና «45 ቀን አስረህ ጠብቀው፤ ፀባዩ ከተቀየረ፣ መዋጥ ካቃተው፣ ለሃጩ ከበዛ ደውል» አለኝ። ጠበቅነው፣ ምንም አልሆነም። ያልተከተበ ውሻ ከሆነ ነገሩ ይከብዳል፣ ጥበቃውም ወራት ነው።

የኔን እጅ ግን አልነገርኩሽም። ስቆፍር ዶማው አቁስሎኝ ነበር፣ በዚያው እጅ የጅቡን አፍ አካባቢ ነክቻለሁ። የጤና ባለሙያዋ ሰምታ ጮኸችብኝ። ቁስል በምራቅ ከተነካ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ ይታጠባል፣ ከዚያ በቀጥታ ለክትባት ጤና ጣቢያ። ምልክቱ ከመጣ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለም። ከልጆችሽ አንዱ ቁስሉን ውሻው ልሶት ከሆነ ዛሬውኑ ሂዱ። ያልቆሰለ ቆዳ ከሆነ ታጠቡና ተረጋጉ።

ሌላ የሚመጣብሽ ነገር፦ ሰው ወሬውን ሲሰማ ይመጣል። እኔ ጋ ሁለት ሰዎች በጨዋ ደንብ «ከግንባሩ ትንሽ ቆዳ» ብለው ጠይቀዋል፣ ለመድኃኒት። ላንቺ ደግሞ የዝባዱን እጢ የሚጠይቅ አይጠፋም። በፍጹም እንዳትሰጪ። በሽታው አንድ ነገር ነው፣ ሕጉ ሌላ። የዱር እንስሳ ውጤት ያለ ፈቃድ መያዝ ክልክል ነው።

ድኩላ ወይም ሰስ ቢሆን ኖሮ ደግሞ ሌላ እልሽ ነበር። ሣር በል እንስሳ ሳይታመም ድንገት ሞቶ፣ ከአፍንጫውና ከኋላው ያልረጋ ደም ከፈሰሰ አባ ሰንጋ ሊሆን ይችላል። ያኔ መቅደድም መጎተትም የለም፤ የበሽታው ዘር አፈር ውስጥ ለብዙ ዓመት ይቀመጣል። ለግብርና ቢሮ መደወል ብቻ ነው። ኮምቦልቻ የእንስሳት በሽታ ምርመራ ላቦራቶሪ ስላለ ናሙናው ሩቅ አይሄድም።

ውሻሽ መጨረሻ የተከተበው መቼ ነው? ካርዱን ፈልጊና ቀኑን እዚሁ ጻፊልኝ።