4,294,967,297፦ ጥያቄና መልስ ከጅማ የሒሳብ ወዳጆች ጋር

ዛሬ የምመልሰው ስለዚህ ቁጥር ብቻ ነው። 2³² ላይ 1 ስትደምሩ ይመጣል። ጠይቁ።

ከሄርማታ፦ መምህር፣ እንዴት አመሹ? ምኑ ነው ልዩ የሚያደርገው?

መልስ፦ አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ። 2¹፣ 2²፣ 2⁴፣ 2⁸፣ 2¹⁶ እያለ ርቢው በእጥፍ ሲሄድና በውጤቱ ላይ 1 ሲደመርበት 3፣ 5፣ 17፣ 257፣ 65,537 ይመጣሉ። አምስቱም ብቸኛ ቁጥሮች ናቸው፤ ከ1ና ከራሳቸው በቀር ለሌላ አይካፈሉም። ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ፌርማ ይህን አይቶ የሚቀጥሉትም ሁሉ ብቸኛ ናቸው ብሎ ገመተ። ስድስተኛው የኛ ቁጥር ነው። ስዊዘርላንዳዊው የሒሳብ ሊቅ ኦይለር በ1732 እ.ኤ.አ. ግምቱን አፈረሰው፤ ቁጥሩ 641 × 6,700,417 ነው። አምስት ምሳሌ ማረጋገጫ አይሆንም፤ ይቺን ያዙልኝ።

ከመርካቶ፦ ለ3 ይካፈላል?

መልስ፦ አሃዞቹን ደምር፤ 59። አይካፈልም።

ከቆጪ፦ ያለ ካልኩሌተር 641ን ከየት አመጣው? ዝም ብሎ ሞክሮ ነው?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር! ዝም ብሎ የሚሞክር ሰው እስከ 65,536 (በራሱ ሲባዛ 2³² የሚሆነው) ያሉት 6,542 ብቸኛ ቁጥሮች ይጠብቁታል። ኦይለር ግን አካፋዩ ምን ዓይነት መሆን እንዳለበት አረጋግጧል፤ ለ64 ሲካፈል 1 የሚተርፈው ነው። እስቲ ቁጠሩ፦ 65፣ 129፣ 193፣ 257፣ 321፣ 385፣ 449፣ 513፣ 577፣ 641። ብቸኛ ያልሆኑትን ሰርዙ። 193፣ 257፣ 449፣ 577 እና 641 ቀሩ። አምስተኛው ላይ ተያዘ!

ደግሞ ረጅም ማካፈልም አያስፈልግም። 641 ማለት 5 × 2⁷ + 1 ነው። ስለዚህ ለ641 ሲካፈል የሚተርፈውን ብቻ ስናይ 5 × 2⁷ ልክ እንደ −1 ነው። ወደ 4ኛ ርቢ ስናሳድገው 625 × 2²⁸ እንደ 1 ይሆናል። 641 ግን 625 + 16ም ነው፤ እንግዲህ 625 እንደ −16 ነው። በቦታው ተኩት፦ −2³² እንደ 1 ሆነ። 2³² + 1 ቀሪ የለውም ማለት ነው። እንዴት ያምራል!

ከመርካቶ፦ ታዲያ ብቸኛ ነው አይደለም?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከላይ አንብብ እንጂ። 641 ያካፍለዋል።

ከፈረንጅ አራዳ፦ እኔ ፕሮግራመር ነኝ። ባለ 32 ቢት ቦታ ላይ፣ ማለትም 32 የ0 ወይም የ1 አሃዞች ብቻ በሚይዝ የኮምፒውተር ቦታ ላይ፣ ሳስገባው 1 ሆኖ ይወጣል።

ከሄርማታ፦ ኮምፒውተርህ ተበላሽቷል።

ከፈረንጅ አራዳ፦ ኧረ አልተበላሸም! የሚይዘው እስከ 4,294,967,295 ነው። ካለፈ እንደገና ከ0 ይጀምራል።

ከቆጪ፦ የኔ ስልክ እኮ በትክክል ያሳያል።

ከፈረንጅ አራዳ፦ ስልክህ ሰፋ ያለ ቦታ ስለሚጠቀም ነዋ!

መልስ፦ በቃ፣ በቃ። 1 መውጣቱ ልክ ነው። የስልኩን ነገር ሌላ ቦታ ጨርሱት።

ከበቾ ቦሬ፦ ለሎተሪ ጥሩ ቁጥር ነው?

መልስ፦ ስለ ሎተሪ አልመልስም።

ከጅሬን፦ መምህር፣ ከሱ በላይ ያሉትስ?

መልስ፦ ጎበዝ! ከአምስቱ በኋላ እስካሁን አንድም ብቸኛ አልተገኘም። «እንግዲያው የለም» የሚለኝ እንዳይመጣ፤ ምሳሌ ማረጋገጫ አይሆንም ብያለሁ! ቀጣዩን፣ 2⁶⁴ + 1ን፣ ፈረንሳዊው የሒሳብ ሰው ላንድሪ በ1880 እ.ኤ.አ. ሰበረው፤ አንዱ አካፋይ 274,177 ነው። ለዚህኛው ደግሞ አካፋዩ ለ256 ሲካፈል 1 መትረፍ አለበት። ወረቀት አውጡና 274,177ን ፈትሹልኝ። በካልኩሌተር የሠራ እንዳይልክልኝ።