ከየትኛው መጽሐፍ ልጀምር? የአንባቢዎች ጥያቄና የመጻሕፍት ዓምዳችን መልስ

ጥያቄ፦ «አደፍርስ»ን ሁለት ጊዜ ጀምሬ ሠላሳ ገጽ ሳልደርስ ተውኩት። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ግን በአንድ ሳምንት ነው የጨረስኩት። ጥፋቱ የኔ ነው የመጽሐፉ? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ የማንም ጥፋት አይደለም። ሁለቱ መጻሕፍት የሚነበቡት በተለያየ መንገድ ስለሆነ ነው። በሐዲስ ዓለማየሁ ልብ ወለድ (1958 ዓ.ም.) ተራኪው ከአንባቢው አይለይም። በዛብህ የማን ልጅ እንደሆነ፣ ፊታውራሪ መሸሻ ለምን እንደሚኮሩ፣ ጉዱ ካሣ ለምን እንደ እብድ እንደሚታይ አንድ በአንድ ይነግርዎታል። ዳኛቸው ወርቁ በ1962 ዓ.ም. ያወጣው «አደፍርስ» ግን ይህን አገልግሎት አይሰጥም። ትዕይንቱ ሳይነገርዎት ይቀየራል፤ ተናጋሪው ማን እንደሆነ ብዙ ጊዜ የሚታወቀው ከአነጋገሩ ነው፤ ቃላቱም የሸዋ ገጠር ቃላት ናቸው። ሠላሳ ገጽ ላይ የሚያቆሙት ብዙዎች ናቸው፤ ምክንያቱም ሴራ እየፈለጉ ነው የሚያነቡት። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ዋናው ነገር ክርክሩ ነው። በአንድ ወገን ወይዘሮ አሰጋሽ ከነርስታቸውና ከነሥርዓታቸው፣ በሌላ ወገን ተምሮ የመጣው አደፍርስ።

ለሦስተኛው ሙከራ እንዲህ ቢያደርጉ ይሻላል። በመጽሐፉ መጨረሻ ባለው ባዶ ቅጠል ላይ (የተዋሱት ከሆነ በሌላ ወረቀት) ስም በወጣ ቁጥር ማን እንደሆነና ከማን ጋር እንደሚኖር በአንድ መስመር ይጻፉ፦ ጺወኔ፣ ሮማን፣ ክብረት፣ ጎርፉ እያሉ። ንግግሩን ድምፅ አውጥተው ያንብቡት፤ ዓይን የሳተውን ተናጋሪ ጆሮ ይለየዋል። የማያውቁት ቃል ሲገጥምዎ በእርሳስ አስምረው ይለፉ እንጂ አይቁሙ፤ መዝገበ ቃላቱን ሲጨርሱ ይከፍቱታል። ለመጀመሪያው ቀን ደግሞ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይመድቡ። ማታ ማታ ከመተኛት በፊት አምስት አምስት ገጽ ማለት ለዚህ መጽሐፍ አይሆንም፤ በማግሥቱ ሲመለሱ ማን ከማን ጋር ሲሟገት እንደነበር ይጠፋብዎታል።

አሁንም ካልሆነ በዚያው በ1962 ዓ.ም. የወጣውን የበዓሉ ግርማን «ከአድማስ ባሻገር» ያስቀድሙ። የተማረው ሰው ጭንቀት እዚያም አለ፤ አተራረኩ ግን ቀጥ ያለ ነው። እኛን ከጠየቁን ከሁለቱ የሚበልጠው «አደፍርስ» ነው፤ ከሁለቱ የሚወደደው ግን ሌላው ነው።

ጥያቄ፦ ያገለገለ «ኦሮማይ» ከመንገድ ላይ ገዛሁ። መሀሉ ላይ ታሪኩ ዘለለብኝ። ስገዛ ምን ማየት ነበረብኝ? ከበዓሉ ግርማ መጻሕፍትስ በየትኛው ቅደም ተከተል ላንብብ? (ከአዳማ)

መልስ፦ በመጀመሪያ የገዙት የማተሚያ ቤት እትም ነው ወይስ ፎቶ ኮፒ? ይህን ሳይለዩ የጎደለውን ማወቅ አይቻልም። ማተሚያ ቤት በአንድ ትልቅ ወረቀት ላይ ብዙ ጊዜ 16 ገጽ አትሞ ያጥፈዋል፤ መጽሐፉ እነዚህ እጥፎች ተደራርበው የተሰፉበት ወይም የተጣበቁበት ነው። ስለዚህ በእውነተኛ እትም ላይ ጠርዙ ሲላቀቅ የሚወድቀው አንድ ሙሉ እጥፍ ነው፤ ከገጽ 96 ወደ 113 ይዘላል ማለት ነው። ፎቶ ኮፒ ላይ ግን የሚጎድለው ፊት ለፊት ያሉ ሁለት ገጾች ናቸው፤ ኮፒ የሚያነሣው ሰው ሁለት ቅጠል አንድ ላይ ገልጦ ያልፋልና። ሌላው ምልክት በጠርዙ በኩል ያሉት ፊደሎች መጣመማቸውና መጥቆራቸው ነው፤ መጽሐፉ መስተዋቱ ላይ በደንብ ሳይዘረጋ ሲቀር የሚመጣ ነው። ሻጩ ፊት ቆመው ሙሉውን ማንበብ አይጠበቅብዎትም። በአውራ ጣትዎ የገጹን ቁጥር ብቻ እየተከተሉ ይገልብጡት፤ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። የመጨረሻውን ገጽ ደግሞ ለይተው ይዩ፤ ከሁሉ በፊት የሚበጠሰው እሱ ነው።

«ኦሮማይ» በብዛት በኮፒ የተሰራጨበት ምክንያት አለው። በ1975 ዓ.ም. ኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ባወጣው በአጭር ጊዜ ውስጥ ከገበያ ተሰብስቧል። በማስታወቂያ ሚኒስቴር ትልቅ ሥልጣን የነበረው በዓሉ ከሥራው ተባረረ፤ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ አልተመለሰም። መጽሐፉ ደርግ በኤርትራ ስላካሄደው የቀይ ኮከብ ዘመቻ በልብ ወለድ መልክ ያወጋል፤ የዘመኑ ባለሥልጣናት በሌላ ስም ቢጠሩም አንባቢው ለያቸው።

ስለ ቅደም ተከተሉ፦ «ከአድማስ ባሻገር»፣ ከዚያ «ደራሲው»፣ ከዚያ «ኦሮማይ»። በ«ደራሲው» ያለው ሲራክ ስብሐት ገብረ እግዚአብሔርን እያሰበ የተቀረፀ እንደሆነ ብዙ ተብሏል፤ ስለዚህ ከስብሐት ወጎች አንዱን አስቀድመው ቢያነቡ ይጣፍጥዎታል። «የኅሊና ደወል»ንና «ሐዲስ»ን ተከታትለው አያንብቡ፤ ሁለተኛው የመጀመሪያው ተሻሽሎ የተጻፈ ነውና ይደጋገምብዎታል። አንዱን ብቻ ከሆነ «ሐዲስ»ን ይምረጡ።

ጥያቄ፦ ስለ ዓድዋ ሁለት መጽሐፍ ይዣለሁ። አንዱ ጦርነቱ በፈረንጅ ማርች 1 ሆነ ይላል። በዓሉን ግን የምናከብረው ማርች 2 ነው። ማን ተሳሳተ? ስለ ምኒልክ ዘመንስ ከየትኛው ልጀምር? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ማንም አልተሳሳተም። ጦርነቱ የሆነው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.፣ በጊዮርጊስ ዕለት ነው። ያ ቀን በፈረንጅ ማርች 1 ቀን 1896 ነበር። ከዚያ በኋላ ግን 1900 መጣ። በጎርጎርዮስ አቆጣጠር መቶዎቹ ዓመታት በ400 ካልተካፈሉ ተጨማሪዋ ቀን ትዘለላለች፤ በኛ አቆጣጠር ግን ጳጉሜን በየአራት ዓመቱ ያለማቋረጥ 6 ትሆናለች። በዚህ ምክንያት ከ1900 ወዲህ ልዩነቱ በአንድ ቀን ሰፋ፤ የካቲት 23ም ማርች 2 ላይ ዋለ። በ2100 ደግሞ እንደገና ይዘለልና ወደ ማርች 3 ይሄዳል። የ19ኛውን ክፍለ ዘመን ቀን በስልክዎ መቀየሪያ ሲያሰሉ አንድ ቀን ከበለጠብዎ ምናልባት ይህን ስላላገናዘበ ነው።

በነገራችን ላይ የመጽሐፍ ኅትመት ዘመንም በዚሁ ያደናግራል። ሽፋኑ 1958 ዓ.ም. ብቻ ካለ በፈረንጅ 1965 ወይም 1966 ነው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 አካባቢ ከወጣ 7፣ ከዚያ ወዲያ ከሆነ 8 ይደመራል። በየድረ ገጹ አንዱ መጽሐፍ ሁለት የኅትመት ዓመት የሚሰጠው በዚህ ነው።

ስለ ዘመኑ ለመጀመር የባሕሩ ዘውዴ «የኢትዮጵያ ታሪክ ከ1847 እስከ 1983» አጥንቱን ያስይዝዎታል። ቀጥለው የተክለ ጻድቅ መኩሪያን «ዐፄ ምኒልክና የኢትዮጵያ አንድነት» ያንብቡ፤ ትልቅ ነው፣ ሰነድና ደብዳቤ ይበዛዋል፣ ስለዚህ በማውጫው እየመረጡ ነው የሚሄዱበት። የጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴን ዜና መዋዕል ለመጨረሻ ያቆዩት። እርሳቸው የቤተ መንግሥት ጸሐፊ ናቸው፤ የንጉሡን ጉዞ፣ ግብርና ሹመት በዓይን እማኝነት ይነግሩዎታል፣ ንጉሡን የሚነቅፍ ነገር ግን አይጠብቁ። ነቀፋውን ከፈለጉ የገብረ ሕይወት ባይከዳኝ «አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ» አለ። ትንሽ ነው፤ በአንድ ምሽት ያልቃል፣ ዛሬም ያከራክራል።

ጥያቄ፦ የኪዳነ ወልድ ክፍሌን የግእዝ መዝገበ ቃላት ገዝቼ አንድም ቃል ማግኘት አልቻልኩም። (ከጎንደር)

መልስ፦ በሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ቅደም ተከተል እየፈለጉ ስለሆነ ነው። በ1948 ዓ.ም. የታተመው ይህ መጽሐፍ የተደረደረው በአበገደ ነው፦ አ፣ በ፣ ገ፣ ደ፣ ሀ፣ ወ፣ ዘ እያለ ይሄዳል። የደቀ መዝሙራቸው የደስታ ተክለ ወልድ «ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት» (1962 ዓ.ም.) እንዲሁ ነው። ተራውን በትንሽ ወረቀት ጽፈው ሽፋኑ ውስጥ ይለጥፉት፤ በሳምንት ውስጥ እጅዎ ይለምደዋል።

ሁለተኛው እንቅፋት ሥሩ ነው። ግእዙ የሚፈለገው ከግሡ ነው። «ትምህርት»ን በተ አያገኙትም፤ መነሻውን «ት» እና መጨረሻውን «ት» አንሥተው «መሀረ» ላይ ይሄዳሉ፤ «መምህር»ም እዚያው ነው። ሦስተኛው የሞክሼ ፊደላት ጉዳይ ነው። ኃጢአት «ኀጥአ» ነውና በኀ ስር እንጂ በሀ ስር የለም። ሀ፣ ሐ፣ ኀ ላይ ሦስቱንም፣ ሠ እና ሰ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ ላይ ሁለቱንም ሳይሞክሩ «የለም» አይበሉ።

ጥያቄ፦ የምንኖረው ቨርጂኒያ ነው። የ13 ዓመት ልጄ ፊደል ቆጥሯል፤ ሲያነብ ግን ፊደል በፊደል ነው። ምን ልስጠው? (እናት)

መልስ፦ ወፍራም ልብ ወለድ ለጊዜው ይቆይ፤ እንኳን ሊጨርሰው ይጠላዋል። የከበደ ሚካኤል «ታሪክና ምሳሌ» ይሻላል። ታሪኮቹ አጫጭር ናቸው፣ ግጥሞቹ ቤት ስለሚመቱ ቀጣዩን ቃል ጆሮው ይገምትለታል፤ ፊደል በፊደል ከማንበብ የሚያወጣው ይህ ግምት ነው። በቀን 15 ደቂቃ ይበቃል። መጀመሪያ እርስዎ ያንብቡለት፣ ቀጥሎ አብራችሁ፣ በሦስተኛው እሱ ብቻውን። ሲሳሳት በየቃሉ አያርሙት፤ እስከ አራት ነጥቡ ይጨርስ። የቆየ እትም ከሆነ በቃላት መሀል ሁለት ነጥብ (፡) ያገኛል፤ ክፍተት ማለት እንደሆነ አስቀድመው ይንገሩት።

ሲበረታ ደግሞ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ የተረከውን «ፍቅር እስከ መቃብር» ከፍተው መጽሐፉን ይዞ ይከተለው። ለመጥበቅና ለመላላት ከዚህ የተሻለ አስተማሪ የለም፤ ፊደላችን አይጽፋቸውምና ልጁ ከሰው አፍ ነው የሚሰማቸው።

ጥያቄ፦ የሴት ደራስያንን ሥራ ጥቀሱልኝ። (ከመቀሌ)

መልስ፦ ከቀደሙት ስንዱ ገብሩ አሉ፤ «የልቤ መጽሐፍ» የሳቸው ነው፣ በፓርላማም የመጀመሪያዋ ሴት ተመራጭ ናቸው። ከልብ ወለድ የጸሐይ መላኩ «አንጉዝ»ና «ቋሳ» አሉ። የሕይወት ተፈራ «ምንትዋብ» የጎንደር ዘመንን ለሚወድ ጥሩ ነው፤ በእንግሊዝኛ የጻፈችው የአብዮቱ ዘመን ትዝታዋም ወደ አማርኛ ተመልሷል፣ «ማማ በሰማይ» ይባላል። ከአንዱ ጀምሩ ካሉን በ«ማማ በሰማይ»።

ጥያቄ፦ አዳም ረታን ከየት ልጀምር? (ከድሬዳዋ)

መልስ፦ ከአጫጭሮቹ። «አለንጋና ምስር»ን፣ ቀጥሎ ልብ ወለዱን «ግራጫ ቃጭሎች»ን። «የስንብት ቀለማት» በጣም ወፍራም ነው፤ በሱ የጀመረ ብዙ ጊዜ በሱ ያቆማል። የግርጌ ማስታወሻ ሲያገኙ አይዝለሉት፤ ለአዳም የታሪኩ አካል ነው።

ጥያቄ፦ ግጥም ሳነብ ምቱ ይጠፋብኛል። የፀጋዬ ገብረ መድኅን ስንኝ በተለይ ትንፋሽ ያሳጥረኛል። (ከጅማ)

መልስ፦ የሚያርፉበትን ቦታ ስላላወቁት ነው። በጣም የለመድነው የወል ቤት ነው፦ አንዱ ስንኝ 12 ቀለም ሆኖ መሀሉ ላይ 6 በ6 ይከፈላል። ለምሳሌ ያህል ይችን እኛው ያቀናናትን ይቁጠሩ፦

ቀን የጎደለበት / ሰው የከዳው ለታ

ቀን (1)፣ የ-ጎ-ደ-ለ-በት (5)፤ ሰው (1)፣ የ-ከ-ዳው (3)፣ ለ-ታ (2)። በሚቆጥሩበት ጊዜ ድምፅ የሌለው ሳድስ ከፊቱ ካለው ፊደል ጋር ነው የሚሄደው፤ «በት» አንድ እንጂ ሁለት አይደለም። ፊደል የሚቆጥር ሰው ሁልጊዜ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። «ቡሄ በሉ» የሚባለው ቤት 4 በ4 ነው፣ አጭርና ፈጣን። ፀጋዬ ግን 8 በ8 እያደረገ ስንኙን አስረዘመው፤ ስሙም «የፀጋዬ ቤት» ተባለ። በ6 ለማረፍ በለመደ ትንፋሽ ሲያነቡት ቃል መሀል ላይ ይቆርጥዎታል። «እሳት ወይ አበባ»ን (1966 ዓ.ም.) ይዘው የአንዱን ግጥም የመጀመሪያ አራት ስንኞች ስምንተኛው ቀለም ላይ በእርሳስ ይክፈሉና ያንብቡ፤ አምስተኛው ላይ እርሳስ አያስፈልግዎትም።

ይህ ቁጥር የማይሠራበት የሠዓሊው የገብረ ክርስቶስ ደስታ «መንገድ ስጡኝ ሰፊ» ነው። እሱ ስንኙን አንዳንዴ በአንድ ቃል ይቆርጠዋል፣ አንዳንዴ ያስረዝመዋል። እዚያ ላይ መቁጠሩን ትተው መስመሩ ባለቀበት ሁሉ ይረፉ፣ አንድ ቃል ብቻ ቢሆንም።